«ማን ሠራው?» ከለንደን እስከ ፔነሙንደ የስምንት ቀን የጉዞ ማስታወሻ

ነገሩ የተነሣው ከልጄ የቤት ሥራ ነው። ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ስለ ጠፈር አንድ ገጽ ጻፉ ተብለው ከቤተ መጻሕፍት የተዋሰችውን መጽሐፍ ጠረጴዛ ላይ ዘርግታለች። ገጹ ላይ ቪ-2 የሚባል፣ ጥቁርና ነጭ የተቀባ ሹል ሮኬት አለ። ሰው ከሠራው ነገር ሁሉ መጀመሪያ ጠፈር የደረሰው ይህ ነው ይላል። ቀኑ ጁን 20፣ 1944፤ ከፍታው 176 ኪሎ ሜትር። (እዚህ ማስታወሻ ላይ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

«አባዬ፣ ማን ሠራው?» አለችኝ።

መጽሐፉ መልሱን ይዟል። ቨርነር ፎን ብራውን የሚባል ጀርመናዊ መሐንዲስ። ነገርኳት፣ ጻፈች፣ ተኛች። እኔ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ። የምንኖረው ደቡብ ምሥራቅ ለንደን ነው። ወደ ሥራ ስሄድ አውቶቡሴ በየቀኑ የሚያልፍበት አንድ ቦታ አለ። እንደዚያ ያለ አንድ ሮኬት በ1944 በአንድ ቅጽበት 168 ሰው የገደለበት ቦታ ነው። ለልጄ የነገርኳት ግማሹን እንኳ አይሆንም።

ጥቅምት ላይ የዓመት ፈቃድ ነበረኝ። ሐሳቤ ቀላል ነው። መሣሪያው ከወደቀበት ተነሥቼ፣ ወደ ተተኮሰበት፣ ከዚያ ወደ ተሠራበት፣ በመጨረሻም ወደ ተወለደበት እሄዳለሁ። ባለቤቴ ቆሎ ቋጠረችልኝ። ልጄ ደግሞ ትንሽ ደብተር ሰጠችኝ። «የሠሩትን ሰዎች ጻፍልኝ» አለች።

ቀን 1፣ ማክሰኞ፦ ለንደን

ጠዋት ኒው ክሮስ ወረድኩ። ሁሌ በመስኮት የማየውን መንገድ ዛሬ በእግሬ ቆሜ አየሁት። ግድግዳ ላይ የመታሰቢያ ጽሑፍ አለ። ሰው ሳያነበው ያልፋል። እኔም ስንት ዓመት ሳላነበው አልፌያለሁ።

ኖቬምበር 25፣ 1944 ቅዳሜ ነበር። ዉልዎርዝ የሚባለው ሱቅ ድስት አስገብቷል የሚል ወሬ ተሰማ። ጦርነት ነው፣ ድስት ብርቅ ነው። እናቶች ልጆቻቸውን ይዘው መጡ። ከቀኑ 6 ሰዓት ተኩል ሊሆን ጥቂት ደቂቃ ሲቀረው ቪ-2 ሮኬት ሱቁ ላይ ወደቀ። የማስጠንቀቂያ ሳይረን አልጮኸም፤ የሚያስጮኸው ድምፅም አልነበረም። ከድምፅ የፈጠነ ነገር ስለሆነ መጀመሪያ የሚመጣው ፍንዳታው ነው። ጩኸቱ ከኋላ ይደርሳል።

ከዚያ ወደ ምሥራቅ ለንደን፣ ቦው፣ ግሮቭ ሮድ። እዚህ የባቡር ድልድይ አለ። ጁን 13፣ 1944 ንጋት ላይ የመጀመሪያው ገዳይ ቪ-1 የወደቀው እዚህ ነው። ስድስት ሰው ሞተ። ድልድዩ ላይ ክብ ሰማያዊ ሰሌዳ ተለጥፏል። ባቡሩ ከላይ ያልፋል፣ ሰው ከሥር ያልፋል።

ቪ-1 እና ቪ-2 ስማቸው ስለሚመሳሰል ብዙ ሰው አንድ ያደርጋቸዋል። ፈጽሞ የተለያዩ ናቸው። «ቪ» የጀርመንኛው «የበቀል መሣሪያ» የሚለው ቃል የመጀመሪያ ፊደል ናት። ስሙን ያወጣው የናዚ ፕሮፓጋንዳ ነው። ከሰዓት በኋላ የጦርነት ሙዚየሙ ገብቼ ሁለቱንም አየኋቸው።

ቪ-1 ፓይለት የሌለው ትንሽ አውሮፕላን ነው። ከ8 ሜትር ትንሽ ይረዝማል። አፍንጫው ውስጥ 850 ኪሎ ፈንጂ፣ ጀርባው ላይ እንደ ምድጃ ጭስ ማውጫ ያለ ረጅም ቱቦ። ሞተሩ ያ ቱቦ ነው። ፊት ለፊቱ ላይ አየር የሚያስገቡ ትንንሽ መዝጊያዎች አሉ። ይከፈታሉ፣ አየር ይገባል፣ ነዳጁ ይቀጣጠላል፣ ፍንዳታው መልሶ ይዘጋቸዋል፣ ግፊቱ በኋላ ይወጣል። ይህ በሰከንድ ከ40 ጊዜ በላይ ይደጋገማል። ድምፁን ለማሰብ ማርሚታው የተቀደደ ባጃጅ አስቡ። ከዚያ ሰማይ ላይ ስቀሉት። እንግሊዞቹ «ዱድልበግ» ይሉታል፤ ጢዝዝ የሚል ጥንዚዛ እንደማለት።

አቅጣጫውን የሚጠብቀው በጋይሮስኮፕ (እየተሽከረከረ አቅጣጫ በሚጠብቅ መሣሪያ) እና በኮምፓስ ነው። ርቀቱን የሚለካው ደግሞ አፍንጫው ላይ ያለች ትንሽ ፕሮፔለር ናት። ነፋስ ያሽከረክራታል፣ እሷም ትቆጥራለች። የታዘዘችው ቁጥር ሲሞላ ቦምቡ አፍንጫውን ወደ መሬት ይደፋል። ሲደፋ ነዳጁ ከቱቦው ይሸሻል፣ ሞተሩ ጸጥ ይላል። ጀርመኖቹ ይህን ጸጥታ አላቀዱትም ነበር። ሰው ላይ የነበረው ፍርሃት ግን በሙሉ እዚያ ጸጥታ ላይ ነው።

ይህን የነገሩኝ ጎረቤቴ ናቸው። እንግሊዛዊት አዛውንት ናቸው፣ በ1944 የሰባት ዓመት ልጅ ነበሩ። ማታ ልሰናበታቸው ገባሁ። ሻይ ቀዱልኝ።

«ድምፁ እስካለ ድረስ ምንም አይደለም» አሉኝ። «ሲጠፋ ነው ጉዱ። ጠረጴዛ ሥር እንገባለን። እናቴ መቁጠር ትጀምራለች፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። አሥራ ሁለት ላይ ከደረሰች ሌላ ሰው ላይ ወድቋል ማለት ነው። ደስ ይለን ነበር። ያ ደስታ እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል።»

ስለ ቪ-2ስ ብዬ ጠየቅኳቸው። «እሱን ከሰማኸው ተርፈሃል» አሉ። ሌላ አልጨመሩም።

ከመተኛቴ በፊት አንድ ነገር ልጻፍ። ጀርመኖቹ ቪ-1 የት እንደሚወድቅ ማየት አይችሉም ነበር። የሚነግሯቸው ለንደን ውስጥ ያሉ ሰላዮቻቸው ናቸው። ሰላዮቹ ግን ሁሉም ለእንግሊዝ የከዱ ነበሩ። እንግሊዞቹ በእነሱ አማካይነት «ቦምቦቻችሁ ከመሐል ከተማ አልፈው ሰሜን እየወደቁ ነው» የሚል መልእክት ላኩ። ዓላማው ጀርመኖቹ ርቀቱን እንዲያሳጥሩና መሐል ለንደን እንዲተርፍ ነው። ባጠረ ቁጥር ግን የሚወድቀው ደቡብ ላይ ነው፤ እኛ ሰፈር። ክሮይደን ብቻ 140 ያህል ወድቆበታል። ከሚኒስትሮቹ አንዱ ኸርበርት ሞሪሰን ማን ይሙት ብለን መምረጥ አንችልም ብሎ ተቃውሞ ነበር። ሒሳቡ ይገባኛል፤ መሐሉ ሰው የበዛበት ነው። ግን ጎረቤቴ እዚያ ጠረጴዛ ሥር የነበሩ ልጅ ናቸው። ሒሳቡን ለእሳቸው መንገር አልቻልኩም።

ቀን 2፣ ረቡዕ፦ ዶቨርና ባሕሩ

በባቡር ዶቨር፣ ከዚያ በመርከብ ካሌ። ዝናብ ነው። ነጮቹ ገደሎች በጭጋግ ተሸፍነዋል። በ1944 ጁላይ አጋማሽ ላይ እንግሊዞች ፀረ አውሮፕላን መድፎቻቸውን ሁሉ ነቅለው ወደዚህ የባሕር ዳርቻ አመጧቸው። ከዚያ ወዲህ ብዙዎቹ ቪ-1 ባሕር ላይ ይመቱ ጀመር። ያለፉትን ተዋጊ አውሮፕላኖች ያሳድዷቸዋል። አንዳንድ ፓይለቶች ጎን ለጎን እየበረሩ ክንፋቸውን ከቦምቡ ክንፍ ሥር አስገብተው ይገለብጡት ነበር።

ማታ ሳንቶሜር ደረስኩ። ትንሽ የፈረንሳይ ከተማ ናት። ካልሲዬን ማሞቂያው ላይ ሰቅዬ ተኛሁ።

ቀን 3፣ ሐሙስ፦ ጉልላቱ

ከሳንቶሜር ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ላ ኩፖል የሚባል ቦታ አለ። ትርጉሙ ጉልላት ነው። ከሩቅ ሲታይ ኮረብታ ላይ የተደፋ ትልቅ ጎድጓዳ ሳሕን ይመስላል። ስፋቱ 71 ሜትር፣ የአርማታው ውፍረት 5 ሜትር፣ ክብደቱ 55 ሺህ ቶን።

የአሠራሩን ቅደም ተከተል ስሰማ ቆም አልኩ። ጀርመኖቹ ጉልላቱን አስቀድመው ኖራ ድንጋዩ አናት ላይ አፈሰሱት። ከዚያ በሱ ተከልለው ከሥሩ ቆፈሩ። ከላይ ወደ ታች ሲፈለፈል የማውቀው ላሊበላን ነው። እዚያ ከላይ ወደ ታች የተወረደው ለጸሎት ነው። እዚህ ደግሞ ለንደንን ለመምታት። ሁለቱን በአንድ ሐሳብ ውስጥ ማስገባት ከበደኝ።

የሚገባው በድሮው የባቡር ዋሻ ነው። ቀዝቃዛ ነው፣ ረጅም ነው፣ ውሃ ይንጠባጠባል። ሐሳባቸው ሮኬቱን በባቡር እዚህ ድረስ አምጥተው፣ ከጉልላቱ ሥር አቁመው፣ ነዳጅ ሞልተው፣ እንደቆመ አውጥተው መተኮስ ነበር። ቪ-2 ወደ 14 ሜትር ይረዝማል፣ ሲሞላ 13 ቶን ገደማ ይመዝናል። የሚነደው አልኮልና ፈሳሽ ኦክስጅን ነው። አልኮሉ በብዛት ከድንች የሚወጣ ነው፤ እኛ አረቄ እንደምናወጣው ተጣርቶ። ሕዝብ ምግብ በራሽን በሚቀበልበት አገር የስንት ቤተሰብ ድንች በአንድ ሮኬት ውስጥ በአንድ ደቂቃ ያልቃል። በእርግጥም ሞተሩ የሚሠራው ለ65 ሰከንድ ያህል ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ እንደተወረወረ ድንጋይ ነው፤ 80 እና 90 ኪሎ ሜትር ወጥቶ ይመለሳል። ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ለመሄድ አምስት ደቂቃ ይበቃዋል።

ከዚህ ጉልላት ሥር አንድም ሮኬት አልተተኮሰም። በ1944 በጋ እንግሊዞች ከ5 ቶን በላይ የሚመዝኑ ቦምቦች ጣሉበት። ጉልላቱ አልተሰበረም። በዙሪያው ያለው መሬት ግን ተናደ፣ መግቢያዎቹ ተደፈኑ፣ ጀርመኖቹ ትተውት ሄዱ። ከሰዓት በኋላ ያየሁት የኤፐርሌክ ምሽግም ታሪኩ ተመሳሳይ ነው። ጫካ ውስጥ እንደ ተራራ የቆመ አርማታ ነው። ኦገስት 27፣ 1943 አሜሪካኖች የደበደቡት አርማታው ገና ሳይደርቅ ነበር። የተጣመመው ብረትና የፈረሰው አርማታ አብረው እንደደረቁ እስከ ዛሬ አሉ።

ቁፋሮውንና ግንባታውን የሠሩት ብዙዎቹ በግድ የመጡ ናቸው። ፈረንሳውያን ወጣቶች አሉበት፣ ከሶቭየት የተወሰዱ ሰዎች አሉበት። ደብተሩን አውጥቼ የመጀመሪያውን መስመር ጻፍኩ።

ላ ኩፖል ዛሬ ሙዚየም ነው፤ ፕላኔታሪየምም አለው። ስወጣ አንድ አውቶቡስ ሙሉ ተማሪዎች ኮከብ ሊያዩ እየተንጫጩ ገቡ። የልጄ እኩዮች ናቸው።

ቀን 4፣ ዓርብ፦ አንትወርፕ

ብዙዎቻችን ቪ-2 ሲባል ለንደን ነው የሚመጣልን። ብዙ ቪ-2 የተተኮሰው ግን በአንትወርፕ ላይ ነው። ለንደን ላይ ከ1,300 በላይ፣ አንትወርፕ ላይ ወደ 1,600። ምክንያቱ ወደቡ ነው። ከተማዋ በሴፕቴምበር 1944 ከጀርመን እጅ ወጣች፣ የአጋሮቹ ጦር ስንቅና ጥይት በሷ በኩል መግባት ጀመረ። ሂትለርም ወደቡን ለመዝጋት ቆረጠ።

ከባቡር ጣቢያው ወጥቼ ደ ካይዘርላይ የሚባለውን ሰፊ መንገድ ያዝኩ። ጣቢያው ራሱ እንደ ካቴድራል ነው፤ ሰው ቀና ብሎ እያየ ይጋጫል። ጥቂት እርምጃ እንደሄድኩ ሬክስ ሲኒማ የነበረበት ቦታ ደረስኩ። ዲሴምበር 16፣ 1944 ከሰዓት በኋላ አዳራሹ በወታደርና በከተማው ሰው ሞልቶ ነበር። አንድ ቪ-2 ጣሪያውን ሰንጥቆ ገባ። 567 ሰው ሞተ። ከእነዚህ ከግማሽ በላይ ወታደሮች ነበሩ። አስከሬን ለማውጣት ቀናት ፈጀ። በዚያ ጦርነት በአንድ ሮኬት ይህን ያህል ሰው የሞተበት ሌላ ቦታ የለም።

ዛሬ መንገዱ ላይ ዋፍል ይሸጣል። የስኳሩ ሽታ ደስ ይላል። አንዲት እናት ልጇን ከንፈሩን እየጠረገች ትቆጣዋለች። ረጅም ጊዜ ቆሜ አየኋቸው።

ማታ ሆቴል ሆኜ ካርታ ሳይ፣ ለንደንን የመቱት ሮኬቶች አብዛኞቹ የተተኮሱት ከዚህ ወደ ሰሜን፣ ከዘ ሄግ ዙሪያ ካሉ ጫካዎችና ሰፈሮች ነው። ጉልላቱ ሲመታ ጀርመኖቹ ሮኬቱን በተሽከርካሪ ላይ ጫኑት። ዛፍ ሥር ቆመው፣ ጥቂት ሰዓት ሠርተው፣ ተኩሰው ይሄዳሉ። ከላይ ማንም አያገኛቸውም። ማርች 3፣ 1945 እንግሊዞች ማስወንጨፊያዎቹን እንመታለን ብለው ሲሞክሩ ቦምቡ ስቶ ቤዛውደንሃውት የሚባል የዘ ሄግ መኖሪያ ሰፈር ላይ ወረደ። ከ500 በላይ ሆላንዳውያን አለቁ። ሊረዷቸው የመጡ ወገኖች ቦምብ ነው የገደላቸው።

ቀን 5፣ ቅዳሜ፦ ባቡር

ቀኑን ሙሉ ባቡር። አንዱ ዘገየ፣ ሌላው አመለጠኝ፣ አንድ ትንሽ ጣቢያ ላይ ሁለት ሰዓት በብርድ ጠበቅኩ። ቆሎው እዚያ ጣቢያ ላይ አለቀ። ኖርድሃውዘን የደረስኩት ከመሸ ነው።

ቀን 6፣ እሑድ፦ ዶራ

ለዚህ ቀን ነው የመጣሁት።

ከከተማው ወጣ ብሎ ኮንሽታይን የሚባል በደን የተሸፈነ ኮረብታ አለ። ከሩቅ ሲታይ የሚያምር ነው። በሥሩ ሁለት ትልልቅ ዋሻዎች ጎን ለጎን ይሄዳሉ፤ እያንዳንዳቸው ወደ ሁለት ኪሎ ሜትር ይጠጋሉ። በመሐላቸው ደግሞ ከ40 በላይ አጫጭር ዋሻዎች ያገናኟቸዋል። ከላይ ቢታይ መሰላል ይመስላል። ቪ-2 በብዛት የተመረተው እዚህ ውስጥ ነው። ቪ-1ም ተመርቷል። ከዚያ መሰላል ውስጥ ወደ 6 ሺህ የሚጠጉ ቪ-2 ወጥተዋል።

የሠሩት ሚተልባው-ዶራ የሚባለው ማጎሪያ ካምፕ እስረኞች ናቸው። የመጀመሪያዎቹ 107 ሰዎች ኦገስት 28፣ 1943 ከቡከንቫልድ ካምፕ መጡ። ማደሪያ አልተሠራላቸውም። ዋሻው ውስጥ እየቆፈሩ ዋሻው ውስጥ ያድሩ ጀመር። ቁጥራቸው በሺዎች ሆነ። አንዱ ፈረቃ ከአልጋ ሲነሣ ሌላው ይተኛበታል። ሌት ተቀን ድንጋይ በፈንጂ ይፈርሳል፣ አቧራው አይወርድም። ውሃ የለም። ሽንት ቤታቸው ለሁለት የተቆረጠ በርሜል ነው። ለወራት ፀሐይ ሳያዩ የኖሩ ነበሩ። ውጭ ያሉት ጎጆዎች አልቀው ሁሉም ከዋሻው የወጡት በ1944 ጸደይ ነው። እስከዚያ ድረስ በሺዎች የሚቆጠሩ ሞተዋል።

ዋሻው የሚጎበኘው በአስጎብኚ ብቻ ነው። አስጎብኚያችን ወጣት ጀርመናዊት ናት። ድምፅዋን ከፍ አታደርግም። ገና ስንገባ ብርዱ ተቀበለን፤ ክረምት ከበጋ 8 ዲግሪ ነው አለች። ሶቭየቶች በ1948 መግቢያዎቹን በፈንጂ ደፍነዋቸው ስለነበር የሚታየው ትንሽ ክፍል ነው። የታችኛው ወለል ውሃ ሞልቶታል። ከብረት ድልድዩ ላይ ሆነን ወደ ታች አየን። ውሃው ጥርት ያለ ነው። ከሥሩ የዛጉ ብረቶች ተደራርበው ይታያሉ። የሮኬት አካላት ናቸው። ማንም አልተናገረም። ከመሐላችን አንድ ሽማግሌ ባርኔጣቸውን አወለቁ፣ እኔም ኮፍያዬን አወለቅኩ።

በሮኬት ላይ አሻጥር ሠርታችኋል ተብለው የተጠረጠሩ እስረኞች ይሰቀሉ ነበር። በ1945 መጀመሪያ ወራት ዋሻው ውስጥ ባለው የዕቃ ማንሻ ክሬን ላይ ብዙዎችን በአንድ ጊዜ ሰቅለዋል። ሌሎቹ እስረኞች በሥራቸው እያለፉ እንዲያዩ ተደርገዋል። ይህን ስትነግረን አስጎብኚዋ ጣሪያውን በእጇ አላሳየችም። አመሰገንኳት በልቤ።

በዶራና በሥሯ በነበሩት ካምፖች ወደ 60 ሺህ ሰው አልፏል። ከእነዚህ 20 ሺህ ያህሉ ሞቷል። ቪ-2 ብሪታንያ ውስጥ የገደለው 2,754 ሰው ነው። ቤልጅየምንና ሌላውንም ብንጨምርበት ዶራ ላይ የሞቱት ይበልጣሉ። ይህ መሣሪያ ሲተኮስ ከገደለው ሲሠራ የገደለው በዝቷል። እንዲህ ያለ ሌላ መሣሪያ እኔ አላውቅም።

ፎን ብራውንስ? እዚህ ዋሻ ውስጥ መጥቶ ያውቃል። ራሱም አልካደውም። ኦገስት 15፣ 1944 የጻፈው ደብዳቤ አለ። ቡከንቫልድ ሄዶ ሙያ ያላቸው እስረኞች ለሥራ እንደመረጠ ይገልጻል። የዋሻው ምርት ኃላፊ የነበረው አርተር ሩዶልፍ ደግሞ በኋላ አሜሪካ ሄዶ ሰውን ጨረቃ ላይ ያደረሰው የሳተርን 5 ሮኬት ፕሮጀክት ኃላፊ ሆኗል። የዶራ ጉዳይ በ1980ዎቹ ሲነሣበት ዜግነቱን ትቶ ከአሜሪካ ወጣ። ሰው በሙያው ታላቅ ሆኖ በሰውነቱ ሊወድቅ ይችላል። ፎን ብራውን ታላቅ መሐንዲስ ነበር፤ ይህን ማንም አይክድም። ግን «ማን ሠራው?» ለሚለው ጥያቄ የሱ ስም ብቻውን ሲቀመጥ ውሸት ይሆናል።

ከዋሻው ወጥቼ ወደ ካምፑ ወጣሁ። ጎጆዎቹ የሉም፤ ዛፍ በቅሎባቸዋል። የአስከሬን ማቃጠያው ሕንፃ ግን አለ። አፈሩ እርጥብ ነው፣ የወደቀው ቅጠል ቢጫ ነው። ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ለልጄ ጻፍኩላት። የሠሩት ሩሲያውያን፣ ዩክሬናውያን፣ ፖላንዳውያን፣ ፈረንሳውያን፣ ቤልጅየማውያን፣ ጣልያናውያን፣ ቼኮች፣ ከሃንጋሪ የመጡ አይሁድ፣ ሲንቲና ሮማ የሚባሉት ሕዝቦች። ገጹ ሞላ። ገልብጬ ቀጠልኩ።

ማታ አልበላሁም። ወደ ቤት ደወልኩ። ልጄ ተኝታለች።

ቀን 7፣ ሰኞ፦ ወደ ሰሜን

በበርሊን በኩል አድርጌ ዙሶ፣ ከዚያ በትንሿ ባቡር ወደ ኡዜዶም ደሴት። ከመስኮቱ ውጭ ሜዳ፣ የንፋስ ወፍጮ፣ ሽመላ የመሰለ ወፍ። አላወራሁም፣ አላነበብኩም። ዚኖቪትስ ላይ አደርኩ። ሌሊቱን ሙሉ የባልቲክ ባሕር ድምፅ ይሰማል።

ቀን 8፣ ማክሰኞ፦ ፔነሙንደ

ፔነሙንደ ማለት ፔነ የሚባለው ወንዝ አፍ ማለት ነው። ጸጥ ያለ የዓሣ አጥማጆች መንደር ነበረ። ከ1936 ጀምሮ የጀርመን ጦር ወሰደው። በምሥራቅ በኩል የምድር ጦሩ ቪ-2ን፣ በምዕራብ በኩል የአየር ኃይሉ ቪ-1ን ሞከረ። ሙዚየሙ ያለው በድሮው የኃይል ማመንጫ ውስጥ ነው፤ ትልቅ ቀይ ጡብ ሕንፃ። ግቢው ላይ ቪ-2 ቀጥ ብሎ ቆሟል፣ ጥቁርና ነጭ፣ ልክ የልጄ መጽሐፍ ላይ እንዳለው። ቪ-1ም ማስወንጨፊያው ላይ ተቀምጧል። ሰማዩ ዛሬ ሰማያዊ ነው። ሮኬቱ ያምራል። ማማሩን መካድ አልችልም።

ኦክቶበር 3፣ 1942 ከዚህ ደን ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ በተሳካ ሁኔታ ተተኮሰ። ከ80 ኪሎ ሜትር በላይ ወጣ፣ 190 ኪሎ ሜትር ሄዶ ባሕር ገባ። የፕሮጀክቱ አዛዥ ዋልተር ዶርንበርገር ነበር። ኦገስት 17፣ 1943 ሌሊት 596 የእንግሊዝ ቦምብ ጣዮች መጡ። ምርቱ ከመሬት በታች ወደ ኮንሽታይን የሄደው ከዚያ በኋላ ነው። በዚያ ሌሊት ከሞቱት ብዙዎቹ ሳይንቲስቶች አልነበሩም። ትራሰንሃይደ በሚባለው ካምፕ ተዘግቶባቸው የነበሩ የውጭ አገር የግዳጅ ሠራተኞች ናቸው። ካምፑ ተቆልፎ ነበር፣ መሸሻ አልነበራቸውም። ከእነሱ መሐል የፔነሙንደን ካርታ በድብቅ ወደ ውጭ ያሳለፉ ነበሩ። ደብተሬ ላይ ሌላ መስመር ጨመርኩ።

እዚህም ማጎሪያ ካምፕ ነበረ። እስረኞቹ የአየር ማረፊያውን መንገድ ይጠግናሉ፣ ቦምብ ሲወድቅ ጉድጓድ ይደፍናሉ። ከእነሱ አንዱ ሚካኢል ዴቪያታዬቭ የሚባል የሶቭየት ተዋጊ ፓይለት ነበር። ፌብሩዋሪ 8፣ 1945 ጠባቂያቸውን ገድለው፣ እሱና ዘጠኝ ጓደኞቹ ማረፊያው ላይ የቆመ ሃይንከል 111 ቦምብ ጣይ ውስጥ ገቡ። ዴቪያታዬቭ ያን ዓይነት አውሮፕላን አብርሮ አያውቅም። የመጀመሪያው ሙከራ ከሸፈ። አውሮፕላኑ አልነሣ ብሎ መንገዱ ጫፍ ደረሰ። አዙሮ ተመለሰ። በሁለተኛው ተነሣ። ተተኮሰባቸው፣ አመለጡ፣ የሶቭየት ጦር በያዘው መሬት ላይ ወደቁ። አሥሩም በሕይወት።

ለነሱ የቆመ መታሰቢያ እዚያ ሙዚየሙ አጠገብ አለ። እዚያው ቆሜ ወደ ቤት ደወልኩ። ልጄ ከትምህርት ቤት መጥታለች።

«አባዬ፣ ጻፍክልኝ?»

«ጻፍኩልሽ። ደብተሩ ሊያልቅ ነው።» ከዚያ የአውሮፕላኑን ታሪክ ነገርኳት። አስጨረሰችኝ፤ አንዴም አላቋረጠችኝም።

«ቤታቸው ደረሱ?» አለች።

ለዓይኔ የባሕሩ ንፋስ ሰበብ ሆነልኝ። ወገኖቻቸው እንዳላመኗቸው ነገርኳት። እንዴት የጠላት አውሮፕላን ይዛችሁ መጣችሁ ተብለው እንደተጠረጠሩ። አብዛኞቹ ወደ እግረኛ ጦር እንደተላኩ፣ ከተላኩትም ብዙዎቹ ጦርነቱ ሳያልቅ እንደሞቱ። ዴቪያታዬቭ ጀግና የተባለው በ1957፣ ከ12 ዓመት በኋላ እንደሆነ።

ዝም አለች። ከጀርባዋ ባለቤቴ ምጣድ ስታሰማ ይሰማኛል።

«የሌሎቹንም ስም ጻፍልኝ» አለች። «የዘጠኙን።»

ሐውልቱ ላይ ተጽፏል። ሩሲያኛ ማንበብ አልችልም። ፊደል በፊደል እንዳየሁት ገለበጥኩላት።